ትንሿ ቱቦ የዓይን ናት

ሲስተር ደሳለችን የማያውቅ የጉለሌ ሰው ካለ ወይ ሰሞኑን ተከራይቶ የገባ ነው፣ ወይ ልጅ የሌለው ነው። ከአዲሱ ገበያ እስከ ሽሮ ሜዳ ካለው ወጣት ግማሹ በእሷ እጅ ነው የተወለደው ብል ትንሽ አጋነንኩ እንጂ አልዋሸሁም። ታክሲ ስትሳፈር ረዳቱ «ሲስተር፣ እኔንም እኮ ያዋለዱኝ እርስዎ ነዎት» ይላታል። እሷም «ያዋለድኩትስ እናትህን ነው። አንተማ አልወጣም ብለህ ስንት ሰዓት አስለፋኸን፤ አሁን ደግሞ ሰው ማጨቅ ተማርክ» ብላው ጥግ ይዛ ትቀመጣለች።

እኔ ዳኜ ነኝ፤ እሷ በምትሠራበት ጤና ጣቢያ መድኃኒት በመስኮት የምሰጠው ሰውዬ። ሰዎች ነጭናጫ ነው ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ስለ ደሳለች ልጽፍ የተነሳሁት የሽኝት ንግግር አዘጋጅ ተብዬ አይደለም። ሽኝት ማለት ዳቦ ቆርሶ፣ አጨብጭቦ ሰውን መርሳት ነው። የምጽፈው ንዴቴ አልበርድ ስላለኝ ነው፤ የምናደደውም በሌላ ሰው ብቻ አይደለም።

ደሳለች ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። አጭር ናት፤ ድምጿ ግን ከማዋለጃ ክፍሉ ተነስቶ እኔ መስኮት ድረስ ይደርሳል። አላገባችም። ለምን ብለው ሲጠይቋት «ተረኛ ነበርኩ» ትላለች። ከኮሌጅ የሚመጡትን ጀማሪ አዋላጆች በላስቲክ አሻንጉሊት ነው የምትፈትናቸው። «ዲግሪሽን እዚያ ስቀዪውና እጅሽን አሳዪኝ» ትላለች። ሕፃኑ ዝም ብሎ ከወጣ መጀመሪያ ማድረቅ ነው፣ ከዚያ መጠቅለል፣ ከዚያ አንገቱን ማስተካከል፤ ወደ ደረቱም አይታጠፍ፣ ወደ ኋላም አይለጠጥ። ንፍጥና ውሃ ከዘጋው ቀድሞ የሚጠረገው አፉ ነው፣ አፍንጫው ቀጥሎ። አንዷ ጀማሪ አፍንጫውን ካስቀደመች እጇን ትይዛታለች። «አፍንጫውን ስትነኪው ይደነግጥና አየር ይስባል። አፉ ውስጥ ያለው ውሃ ያኔ የት የሚሄድ ይመስልሻል?» ልጅቷ «ሳንባው» እስክትል አትለቃትም። በእጅ በሚጨመቀው የላስቲክ ኳስ አየር ስትሰጥም ዓይኗ ከሕፃኑ ደረት ከተነሳ እንደገና ከመጀመሪያ ነው።

ሥራ የጀመረችው በ1990 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ወደ ተራራው ጠጋ ያሉት ሰፈሮች ውሃ በጀሪካን ነበር የሚቀዱት፤ የልጆቹ ዓይን ይመግላል፣ ዝንብ ይወርሰዋል። ደሳለች የዓይን ቅባት በቦርሳ ተሸክማ ቤት ለቤት ትወጣ ነበር። የታችኛውን ቆብ ወደ ታች ሳብ፣ ከአፍንጫው በኩል ጀምሮ ወደ ውጭ የሩዝ ፍሬ ያህል ጨመቅ፣ የቱቦው ጫፍ ዓይኑን እንዳይነካ፤ ይህን ለእያንዳንዷ እናት በራፏ ላይ ቆማ አሳይታለች። ሴቶቹ አብዛኞቹ ማንበብ ስለማይችሉ ማስታወሻውን በአፍ ሰጠቻቸው፦ «ትንሿ ቱቦ የዓይን ናት። በቃ።» አስደግማቸዋለች፣ በማግስቱ ተመልሳም ትጠይቃቸዋለች። ትምህርቷ ያዘ። ዛሬ ከእነዚያ ቤቶች ያቺን ቱቦ በቴሌቪዥኑ ሥር ወይም በመሳቢያ ያላስቀመጠ አታገኙም። እንዲያውም ሰው ሁሉ ለተቃጠለም፣ ለተላጠም፣ ለከንፈርም እየቀባት እኔን በመስኮቴ አስመርሮኛል።

ከዓመታት በኋላ ደግሞ ለእትብት የሚቀባ መድኃኒት መጣ። ጥሩ መድኃኒት ነው፤ አላማውም። እትብቱ ላይ ቅቤና ሌላም ሌላም ሲደረግ ስንት ሕፃን እንደተመረዘ እናውቃለን። ለእናቲቱ ወደ ቤቷ ስትሄድ ይሰጣታል፤ በቀን አንድ ጊዜ፣ እስከ ሰባት ቀን። ዓይን ውስጥ ከገባ ግን ያቃጥላል፤ የዓይኑን ብሌን ያበላሻል። መጀመሪያ የመጣልን በትልቅ ቱቦ ስለነበር ማንም አልተሳሳተም።

በ2016 መጀመሪያ ላይ የእትብቱን መድኃኒት አዲስ ካርቶን ከፈትኩ። ቱቦው አንሷል። አንዱን ከዓይን ቅባቱ ጋር መዳፌ ላይ አስተኛኋቸው፤ ቁመታቸው አንድ፣ ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም ላይ ሰማያዊ መስመር፣ ጽሑፉም በደቃቃ እንግሊዝኛ። ይህ ነገር አንድ ቀን ሰው ይጎዳል አልኩ። ያልኩት ለራሴ ነው። ደብዳቤ መጻፍ ነበረብኝ፤ ስለ ሌላ ስለ ሌላ ነገር ስጽፍ መልስ ያገኘሁበት ቀን ስለሌለ እጄን አልዘረጋሁም። ካርቶኑን መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩና ለደሳለች በአፍ ነገርኳት።

እሷ ግን ነገሩን እንደ እኔ አላለፈችውም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሚወጡት እናቶች ሁለቱንም ቱቦ ከፍ አድርጋ ታሳያለች፣ የእትብቱን ቱቦ ይዛ እምብርታቸውን በጣቷ ትነካለች። የሕፃኑን ገላ የሚያጥበው ሰው ካልመጣ አትሸኝም። በእኛ አገር አራስ ልጇን ጡት ታጠባለች እንጂ ብዙም አትነካውም፤ የሚያጥበው፣ የሚያሸው፣ የሚቀባው የአያት እጅ ነው። ይህን ከደሳለች የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። አምስት ወር ሙሉ አንድም ቀን አልዘለለችም።

በየካቲት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰምሀል የምትባል ልጅ ልትወልድ መጣች። ሃያ ሁለት ዓመቷ፣ የመጀመሪያ ልጇ ነው። ባሏ ቱሉ በሽሮ ሜዳ መስመር ሚኒባስ ይነዳል። የቱሉ እናት እትዬ ባዩሽ አዲሱ ገበያ ጎመንና ድንች ይሸጣሉ፤ ከልጃቸውና ከምራታቸው ጋር በአንድ ግቢ ነው የሚኖሩት። ሦስቱም ከደሳለች ጋር በአንድ ቤተ ክርስቲያን ያመልካሉ፤ ፕሮቴስታንቶች ናቸው።

ሕፃኗ ሰማያዊ ሆና፣ ዝም ብላ ወጣች። እኔ ጓንት ላቀብል ሄጄ በሩ ላይ ነበርኩ። ደሳለች አደረቀቻት፣ ጀርባዋን አሸች፣ ምንም የለም። አፏን ጠረገች፣ ከዚያ አፍንጫዋን። ጭምብሉን አፍና አፍንጫዋ ላይ ገጥማ ኳሱን መጭመቅ ጀመረች፤ «አንድ… ልቀቅ… አንድ… ልቀቅ» እያለች፣ ዓይኗ ደረቷ ላይ። እትዬ ባዩሽ ከእኔ ጎን ቆመው «ጌታ ሆይ» ከማለት ሌላ ቃል አጥተው ነበር። ሰባት ደቂቃ ፈጀ። ከዚያ ሕፃኗ አንዴ አነጠሰች፣ ቀጥላ እሪ አለች። ደሳለች እንደ ማንኛውም ሕፃን የዓይን ቅባቱን ከትንሿ ቱቦ ለሁለቱም ዓይኗ አደረገችላት። እትዬ ባዩሽ በሩ ላይ ሆነው ይህንንም አዩ። ልጅቷን ሮሃ አሏት።

ከዚያ ካርድ መሙላት ነው። ካርዱ ላይ ሃያ ምናምን ትንንሽ ሳጥን አለ፤ የመጨረሻው «ለቤተሰብ ትምህርት ተሰጥቷል» ይላል። ይህ መሞላት ያለበት ወደ ቤት ሲሸኙ ነው። ግን ተቆጣጣሪ ሲመጣ ባዶ ሳጥን ከተገኘ ክፍሉ ስለሚወቀስ ሁሉም ከወዲሁ ከላይ እስከ ታች ምልክት አድርጎ ይፈርማል። ደሳለችም አደረገች። ትምህርቱን ነገ እንደምትሰጥ ስለምታውቅ ውሸት አልመሰላትም።

በማግስቱ እሁድ ቀትር ላይ ሊወጡ ሲሉ ሰምሀል ደም ፈሷት ስለነበር ዓይኗን መግለጥ አቅቷታል። እትዬ ባዩሽ ዕቃ ለመጫን ቱሉ ሚኒባስ ጋ ወጥተዋል። ደሳለች ቱቦውን የሰምሀል እጅ ላይ አድርጋ «ለእትብቷ ነው፣ በቀን አንዴ» አለቻት። ሰምሀል ራሷን ነቀነቀች። እትዬ ባዩሽን ልትጠራ ወደ በሩ ስትዞር ከበሩ አንዲት ምጥ የያዛት ሴት በሁለት ሰው ተደግፋ ገባች፤ የሕፃኑ ራስ ታይቷል። ደሳለች ወደዚያ ሮጠች። ስትመለስ አልጋው ባዶ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት እትዬ ባዩሽ ሕፃኗን በነጠላ ጠቅልለው እየሮጡ መጡ። የሁለቱም ዓይኗ ቆብ አብጦ ተዘግቷል።

«ሰኞ ትንሽ ዓይናር ቢወጣባት ያቺን ቅባትሽን ጨመርኩላት። ባሰባት። ማታም ጠዋትም ደገምኩላት» አሉና ቱቦውን ከጉያቸው አወጡ።

ደሳለች ቱቦውን አየችው። ከዚያ «ጋሽ ዳኜ፣ የጨው ውሃ፣ ያለህን ሁሉ» ብላ የጮኸችው እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ይዤ ሮጥኩ። የሕፃኗን ራስ ወደ ጎን አስተኛች፣ ቆቡን በሁለት ጣቷ ገለጠች፣ ውሃውን ከአፍንጫዋ በኩል ወደ ውጭ አፈሰሰች፣ ወደ ሌላኛው ዓይን እንዳይሄድ። ከዚያ ራሷን አዙራ ሁለተኛውን። እኔ እየከፈትኩ አቀብላለሁ፣ እሷ ታፈሳለች። ሕፃኗ የምታለቅስበት ድምፅ ራሷ ደሳለች የሰጠቻት ነበር።

እትዬ ባዩሽ ግራ ተጋብተው «ምን ሆነ?» አሉ። «ምነው ሲስተር፣ ትንሿ ቱቦ የዓይን ናት ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ? ቱሉን አዝዬ፣ በራፌ ላይ ቆመሽ። ቅዳሜስ አንቺው ራስሽ አደረግሽላት አይደል?»

መውቀሳቸው አልነበረም፤ ከልብ መጠየቃቸው ነበር። ደሳለች ማፍሰሷን ቀጠለች።

ወደ ዓይን ሐኪም ተላኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የግራ ዓይኗ ጠራ። ቀኙ ላይ ነጭ ነገር ቀረ፤ ሐኪሞቹ በዚያ ዓይን የምታየው ብርሃንና ጨለማን መለየት ያህል ብቻ ነው አሉ።

ቱሉ ክፉ ልጅ አይደለም። ግን የሚቆጣበት ሰው አስፈለገውና ከጎኑ ያለችውን እናቱን አገኘ። «ከእንግዲህ ልጄን እንዳትነኪ» አላቸው። የሰምሀል አክስት መጥታ ሕፃኗን ማጠብ ጀመረች። እትዬ ባዩሽ በዚያው ግቢ ጓዳ ውስጥ ተቀመጡ፤ ሕፃኗ ስታለቅስ እንኳ ብድግ አይሉም። ሊጠይቋቸው የሄዱ ጎረቤቶች እጃቸውን ነጠላ ውስጥ እንደሸሸጉ ነው የሚቀመጡት አሉ።

ደሳለችን የበላት ይህ ነበር። የሕፃኗን ዓይን መመለስ እንደማትችል ገብቷታል። ቱሉ ጥፋቱ የእናቱ አለመሆኑን እንዲያውቅና ሴትዮዋ የልጅ ልጃቸውን እንዲያቅፉ ግን ማድረግ እችላለሁ ብላ አመነች። ለዚህ ሥራዋንም የሙያ ፈቃዷንም ለማጣት ቆርጣ ነበር።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ አጥናፉ ኮሚቴ አቋቋመ። ደሳለች ገብታ «ትምህርት አልሰጠሁም። ቱቦውን በእንቅልፍ ልብ ላለች አራስ እጅ ላይ ጥዬ ሄድኩ። ካርዱ ላይ ያለው ምልክት ቅዳሜ ያደረግኩት ነው፣ ውሸት ነው» አለች።

አጥናፉ ካርዱን ወደ እሷ ገፋ አደረገላት። «ሲስተር፣ ይህ የእርስዎ ፊርማ ነው?»

«ነው።»

«እርስዎ ይህ ውሸት ነው ካሉ ሌላውም ካርድ ሁሉ ውሸት ነው ማለት ነው። የእርስዎ ብቻ ሳይሆን የዚህ ቤት ሠራተኛ ሁሉ። እንዲህ ብለው ነው እንድጽፍ የሚፈልጉት?»

«የሆነውን ጻፍ።»

«የሆነው ካርዱ ላይ ያለው ነው» አላት።

ቀጥሎ እኔን ጠራኝ። የሁለቱ ቱቦዎች መመሳሰል በመድኃኒት ክፍል ታውቆ ነበር ወይ? ጡረታ ልወጣ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ቀርቶኛል። «እ… ማለቴ፣ በጽሑፍ የቀረበ ቅሬታ የለም» አልኩ። አጥናፉ መልሴ ስላማረው ከቃለ ጉባኤው ሁለት ጊዜ አስነበበው። በእርግጥም የቀረበ ቅሬታ አልነበረም፤ መጻፍ የነበረብኝ እኔ ነበርኩና።

ውሳኔው «ቤተሰቡ በባለሙያ የተሰጠውን ትምህርት ባለመከተሉ የደረሰ ጉዳት» ይላል፤ ማህተም አለው፤ የደሳለች የተፈረመበት ካርድ ኮፒም ተያይዞበታል። አንዱ ቅጂ ለቱሉ ተሰጠ። እኛ ነጻ ወጣን። በማግስቱ ትንንሾቹ የእትብት ቱቦዎች ያለ ምንም ደብዳቤ ከመደርደሪያዬ ተሰበሰቡ።

ደሳለች ሁለት ጊዜ ቱሉ ቤት ሄደች። ሁለቱንም ጊዜ ወንበር አቀረበላት፣ ሻይ አስቀረበላት፣ «ሲስተር፣ የልጄን ነፍስ የመለሱልኝ እርስዎ ነዎት» ብሎ ሌላ ወሬ ጀመረ። በሦስተኛው ወር ላይ መስኮቴ ጋ መጣች።

«ጋሽ ዳኜ፣ እሁድ እኛ ቤተ ክርስቲያን ትመጣለህ?»

«ምን ልሠራ?»

«በምስክርነት ሰዓት እናገራለሁ። በሰው ፊት ከተናገርኩት ዝም ሊል አይችልም። ካላመነኝም የመድኃኒት ቤቱ ሰው ቱቦዎቹ አንድ ናቸው ሲል ያምናል።»

እሺ አልኳት። እንቢ ማለት ነበረብኝ።

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ የእነሱን ሥርዓት አላውቅም ነበር። ከመዝሙር በኋላ ሰው እየወጣ እግዚአብሔር ያደረገለትን ይናገራል፤ አንዱ ከበሽታ ስለ መዳኑ፣ ሌላው ሥራ ስለ ማግኘቱ። ሁሉም መጨረሻው ምስጋና ነው፤ ጉባኤው አሜን ይላል፣ ኪቦርድ መቺው በዜማ አጅቦ ያሳርፈዋል። ደሳለች ወጣች፤ ማይክሮፎኑን በሁለት እጇ ያዘች።

«ሕፃን ሮሃን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ስትወለድ አትተነፍስም ነበር» ብላ ጀመረች። ገና ሳትጨርስ «ሃሌሉያ» አሉ። «በማግስቱ ግን እኔ በደልኳት። ለአያቷ ማስተማር ሲገባኝ አላስተማርኩም፤ አስተማርኩ ብዬ ፈረምኩ። እትዬ ባዩሽ ያደረጉት እኔ ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ያስተማርኳቸውን ነው። ያቺ ዓይን የጠፋችው በእኔ ነው።»

ሰዎቹ ምን እንደሚባል ግራ ገባቸው። ምስክርነት እንዲህ ሲያልቅ ሰምተው አያውቁም። መድረክ መሪው ደንገጥ ብሎ ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ አለ። «እህታችን ራሷን ዝቅ አደረገች። አንዱን ዓይን ያተረፈ ጌታ ስሙ ይባረክ» አለ። ሰዉ እፎይ አለና አሜን ብሎ አጨበጨበ፤ ኪቦርዱ ጀመረ። ደሳለች «አልጨረስኩም» ስትል አየኋት፤ ማይክሮፎኑ ግን በመሪው እጅ ነበር።

ሲያበቃ በሩ ላይ ቱሉ ወደ እኛ መጣ። ሮሃን ታቅፏል፣ ሰምሀል ከጎኑ ናት። እትዬ ባዩሽ ሦስት እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀርተው ቆመዋል። ቱሉ የደሳለችን እጅ ያዘ።

«ሲስተር፣ ለእናቴ ብለው ያደረጉትን አይቻለሁ። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ራስን ማዋረድ ቀላል ነገር አይደለም፤ ጌታ ይባርክዎት» አለ። «ግን እኔም ወረቀቱን አንብቤዋለሁ። እርስዎ ሥራዎን ሠርተዋል። እባክዎ ስለ እሷ ብለው ውሸት አይናገሩ።»

ደሳለች ወደ እኔ ዞረች። «ጋሽ ዳኜ፣ ንገረው» አለችኝ።

ቱሉ አየኝ። በእውነት የሚጠይቅ ዓይን ነበር፤ አንድ ቃል ብናገር ይሰማኝ ነበር ብዬ አስባለሁ። ጓደኛዬ የምላት ሴት ከጎኔ ቆማለች፣ ሕፃኗ በደህናው ዓይኗ ትመለከተኛለች። እኔ ደግሞ ያሰብኩት ነገሩ ነገ አጥናፉ ጆሮ እንደሚገባ ነው።

«እ… ማለቴ፣ ኮሚቴው አይቶት የወሰነው ነገር ነው» አልኩ።

ቱሉ ራሱን ነቀነቀ። ደሳለች ነጠላዋን አስተካክላ ብቻዋን ወደ ታች ወረደች። ቱሉ ሚስቱንና ልጁን ሚኒባሱ ውስጥ አስገብቶ ሞተሩን አስነሳ። እናቱን ግቢ አላላቸውም፤ እሳቸውም የሚጠብቁ አይመስሉም ነበር።

እትዬ ባዩሽ አጠገቤ መጡ። ፊቴን አይተው አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ከሦስት ወር ወዲህ ሸሽገውት የከረሙትን እጃቸውን ከነጠላው አውጥተው ክንዴን ነካ አደረጉኝ።

«አይዞህ ወንድሜ፣ አንተ ምን ታደርግ። ጥፋቱ የእኔ እጅ ነው» አሉኝ።

እኔም «እግዜር ያጽናዎት» ብያቸው ወደ ቤቴ ሄድኩ።